ዘይቱ ጠዋት ሙሉ፣ ከጉዞ በኋላ ጎደሎ፦ የትኛውን ልመን?

ጥያቄዎ እንዲህ ይላል፦ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ሲያዩት በዲፕስቲኩ (በዘይት መለኪያው ዘንግ) የላይኛው ምልክት ላይ የነበረው የሞተር ዘይት፣ ከጉዞ መልስ ሞተሩን አጥፍተው ወዲያው ሲለኩት ከታችኛው ምልክት በታች ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ሊትር ልጨምር ወይ? እባክዎ አሁን ምንም አይጨምሩ። ሁለተኛውን ልክ የወሰዱት ዘይቱ ገና ከላይ ሳይወርድ ነው።

ሞተር ሲሠራ ፓምፑ ዘይቱን ከታች ካለው ቋት እየሳበ፣ በፊልትሮ አሳልፎ ወደ ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ ወደሚያዞሩት ዘንግ) እና ወደ ቴስታታው (ወደ ሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይገፋዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ቴስታታው ላይ የቀረው ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች እየተንጠባጠበ ነው የሚመለሰው። ለዚህ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይስጡት። አንዳንድ አምራቾች ቀዝቅዞ፣ ሌሎች ሞቆ ይለካ ይላሉ፤ የመኪናዎ መመሪያ ያለውን ይያዙና ሁልጊዜ በዚያው ሁኔታ ይለኩ። ቦታው ሜዳ ይሁን። መኪናው ወደ አንድ ጎን ወይም ወደ ፊት ካዘነበለ ዘይቱም አብሮ ያዘነብላል፣ ዲፕስቲኩም ያንኑ ያሳያል።

ዲፕስቲኩን መጀመሪያ ሲያወጡት የሚታየውን አይመኑ፤ ሞተሩ ሲሠራ የተረጨ ዘይት ለቅልቆታል። ክር በማይተው ጨርቅ ይጥረጉት፣ መጨረሻው ድረስ መልሰው ይክተቱት፣ እንደገና ያውጡ። ጫፉን ወደ ላይ አያቁሙት፤ ዘይቱ ወደ እጀታው ይፈስና ከፍ ያለ ያስመስላል። ሁለቱንም ገጽ ይዩ። የቱቦው ግድግዳ አንዱን ገጽ ብዙ ጊዜ ስለሚቀባው፣ ዝቅ ያለው ነው ትክክሉ። አዲስ ዘይት ጠርቶ አልታይ ካለ ነጭ ወረቀት ላይ ያስነኩት።

በዚህ መንገድ ተለክቶም ከጎደለ ይጨመራል። በብዙ የቤት መኪኖች ከታችኛው እስከ ላይኛው ምልክት ያለው ልዩነት 1 ሊትር ገደማ ነው። እንዲያም ሆኖ ሩብ ሊትር ያህል ጨምረው፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው፣ ደግመው ይለኩ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል እስካለ ድረስ ጤነኛ ነው፤ የግድ ጫፍ ላይ መድረስ የለበትም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው «ትንሽ ቢበዛ አይጎዳም» የሚለው አባባል ብዙ ሞተር ስለሚያበላሽ ነው። ዘይቱ ክራንክ ሻፍቱ እስኪነካው ከፍ ካለ ይመታና አረፋ ይሆናል። አረፋ አየር ነው፤ ፓምፑ አየር ሲገፋ የዘይት ግፊቱ ይወርዳል፣ ማለትም ሞልቶ ሳለ ሞተሩ ይጠማል። ትርፉ በአየር መተንፈሻው በኩል ወደ መቃጠያው ገብቶ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ ካታላይተሩንም (የጭስ ማጣሪያውን) ያበላሻል። ከላይኛው ምልክት ካለፈ ሳያሽከረክሩ ትርፉን ያስቀንሱ።

ሲጎድል ደግሞ ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ ጎን ሸሽቶ ፓምፑ አየር ይስባል። ዳሽቦርድ ላይ ያለችው ቀይ የዘይት መብራት በአብዛኛው የምትጠቁመው የግፊት መውደቅን እንጂ መጠንን አይደለም፤ ከበራች ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ። እሷ እስክትበራ መጠበቅ ዘይት መለካት አይባልም።

ዘይት ከተቀየረ በኋላም ሞተሩን አስነስተው ለአንድ ደቂቃ ያህል ያሠሩትና አጥፍተው፣ ዘይቱ እስኪወርድ ከላይ እንዳልነው ጠብቀው እንደገና ይለኩ፤ አዲሱ ፊልትሮ የራሱን ድርሻ ይጠጣል። አንዳንዶች ሞተር እየሠራ ይለካል የሚሉት ከአውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ጋር አቀላቅለውት ነው፤ ብዙዎቹ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች እንዲያ ይለካሉ።

መልኩ መጥቆሩ ብቻውን አያስደንግጥዎ፣ በተለይ በናፍጣ መኪና። ወተት የመሰለ ዘይት ዲፕስቲኩ ላይ ካዩ ግን የራዲያተር ውኃ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሳይታይ አይንዱት። ሳይጨምሩለት ልኩ ከፍ እያለ ከሄደና ነዳጅ ነዳጅ ከሸተተ፣ ነዳጅ እየተቀላቀለና ዘይቱን እያቀጠነ ነው፤ ይህም ሳይውል ሳያድር መካኒክ ይየው።

ነገ ጠዋት ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ይለኩና የሁለቱንም ገጽ ልክ እዚሁ ይጻፉልን።