መንገድ ወይስ መስመር?

አንዲት የነርቭ ሳይንስ ተማሪ ጥያቄ ልካልኛለች። «ስለ አይጥ አንጎል እየጻፍኩ ነው። ‹ሃይፖታላመስን ከሌሎች የአንጎል ክፍሎች ጋር የሚያገናኙ የነርቭ መንገዶች› ብዬ ነበር። አርታኢዬ መንገዱን ሁሉ መስመር አደረገብኝ። ማናችን ልክ ነን?»

መንገድ በይ እንጂ!

በግእዝ «ነገደ» መጓዝም መነገድም ነው። ንግድና ነጋዴ የመንገድ ወንድሞች ናቸው። (ጎዳናውን ግእዝ ፍኖት ይለዋል፤ መንገድ እዚያ ጉዞው ነው። ይሄ ለኔ ይብሱን ይመቸኛል።) እንግዲህ አይጧን ተመልከቻት። ሃይፖታላመሷ ውስጥ ያሉ ነርቮች ኦክሲቶሲንና ቫሶፕሬሲን የተባሉ ሆርሞኖችን ያመርታሉ። ምርቱ በነርቩ ክር ተጓጉዞ የፒቱታሪ ዕጢ የኋላ ክፍል ይደርሳል። እዚያ ወደ ደም ይራገፋል። ከዚህ ወዲያ ሲራራ ንግድ አለ?

«ነርቭ እኮ እንደ ስልክ ነው፣ ኤሌክትሪክ ነው የሚያስተላልፈው» የሚሉ አሉ። ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 ተመራማሪዎቹ ኦልድስና ሚልነር አይጦች አንጎል ውስጥ ኤሌክትሮድ ተክለው የላኩት ኤሌክትሪክ ነው። አይጦቹም እሱን ለማግኘት ኤሌክትሪኩን የሚለቀውን ዘንግ ደጋግመው ተጫኑት። ይሁን። ግን መስመር ዝም ብሎ የተሰመረ ነገር ነው፤ ከየት ወዴት እንደሆነ አይነግርሽም።

እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ ደግሞ ያቺ «ጋር» ናት። «ተገናኘ» ሁለት ወገን ይፈልጋል። ከዓይን ሬቲና ተነስቶ ሃይፖታላመስ የሚገባው መንገድ ግን ሂያጅ ብቻ ነው። የብርሃንን ወሬ ያደርሳል፣ የሰውነት ሰዓት በሱ ይስተካከላል፣ በዚያው ክር መልስ አይመጣም። እሱን «ከሬቲና ወደ ሃይፖታላመስ የሚሄድ» በዪው። በሃይፖታላመስ የጎን ክፍል ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ክሮች ጥቅል፣ መካከለኛው የፊት አንጎል ነዶ፣ ሌላ ነው፤ ወደ አንጎል ግንድ የሚወርዱም ከዚያ የሚወጡም ክሮች ስላሉት ደርሶ መልስ ነው። «ጋር»ን ለሱ አስቀምጪለት።

ሳትጠይቂኝ አንድ ልጨምር። በግሪክ «ሃይፖ» ታች ነው፣ «ታላሞስ» የውስጥ ክፍል፣ የጫጉላ ቤትም ጭምር። እኛ እልፍኝ አለን! «ታሕተ እልፍኝ» እንዴት ያምራል? ማንም አይለውም፣ አውቃለሁ። እኔም ከላይ ሃይፖታላመስ ስል ነው የቆየሁት።

አርታኢሽን ግን ተሳሳተ አልለውም። የነርቭ መስመር ዛሬ የማንንም ጆሮ አይቆረቁርም። የኔን ጽሑፍ ከነካብኝ ግን መንገዴን እመልሳለሁ።