«ዳኞቹ ለኮከብ ያዳላሉ ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው የዳላሱ ወንድም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። ጓደኛህ «ኤንቢኤ (የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ) በፕሌይኦፍ፣ ማለትም ሁለት ቡድን ደጋግሞ በሚገናኝበት የጥሎ ማለፍ ዙር፣ ለኮከቦች ያዳላል፣ ነገሩ የተበላ ነው» ይላል። አንተ አይደለም ትላለህ። 200 ዶላር አስይዛችሁ አሁን ማን ይዳኘን እያልክ ነው። ባታስይዝ ጥሩ ነበር፤ አንዴ ካስያዝክ ግን ስማኝ።

1. ጓደኛህ ክሱን ይምረጥ። ዳኛ ተሳሳተ፣ ዳኛ አዳላ፣ ዳኛ ተሸጠ፤ ሦስቱ ለየቅል ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው በአንዱ ስትይዘው ወደ ሌላው ይዘላል። አውቀዋለሁ፣ የእኔም ጓደኛ ቁርጥ እሱን ነው።

2. በፈረንጆቹ 2002ን ማንሳቱ አይቀርም። አትደንግጥ። ይህን የምልህ የሳክራመንቶው ቡድን ደጋፊ ሆኜ ነው። አሜሪካ ስገባ መጀመሪያ ያረፍኩት እዚያ፣ አክስቴ ቤት ነው፤ ፍቅሩ ከዚያው ነው የያዘኝ። ከሎስ አንጀለሱ ሌከርስ ጋር ስድስተኛው ጨዋታ ላይ ሌከርሶች በአራተኛው ኳርተር (በመጨረሻው ሩብ) ብቻ 27 ፍሪ ስሮው (በፎል፣ ማለትም በጥፋት፣ የሚሰጥ ነፃ ውርወራ) ወረወሩ። የእኛዎቹ በጠቅላላው ጨዋታ 25። የእነሱ ኮቢ የእኛን ማይክ ቢቢን በክርኑ ፊቱን ሲለው ፊሽካ የለም። 106 ለ 102 ተሸነፍን። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ግን ሰባተኛው ጨዋታ በገዛ ሜዳችን ነበር። ከ30 ፍሪ ስሮው ያገባነው 16 ብቻ ነው። በጭማሪ ሰዓት ተሸነፍን። ያን ሁሉ ስንስት እጃችንን የያዘ ዳኛ አልነበረም። ጓደኛህ ሲያካብድብህ ይህን ጠይቀው።

ከዚያ ቲም ዶናሂን ያመጣል። አዎ፣ ዳኛ ሆኖ በጨዋታዎች ላይ ሲወራረድና መረጃ ሲያቀብል ተይዟል። በ2008 የ15 ወር እስር ተፈርዶበታል። የ2002ቱ ጨዋታ ተበልቷል ያለውም እሱ ነው። ነገር ግን ያን ቀን ሜዳ ውስጥ አልነበረም፤ ሊጉም አልተቀበለውም።

ዳላስ ስለሆንክ 2006ም ይመጣብሃል። በፍጻሜው አምስተኛ ጨዋታ የማያሚው ዱዌይን ዌድ ብቻውን 25 ፍሪ ስሮው፣ የዳላሱ ማቭሪክስ በቡድን 25። ማያሚ በአንድ ነጥብ አሸነፈ። ዌድ ሰው መሀል ዘሎ የሚገባ ልጅ ስለሆነ ፎል ይበዛለታል በል። እውነቱን ልንገርህ ግን፣ ይቺን እኔም ለመከላከል ትከብደኛለች። ቶሎ ብለህ እለፋት።

3. ኮከብም ይበደላል በለው። ጥር 2023፣ ቦስተን ላይ የሌከርሱ ሌብሮን ለማሸነፊያዋ ነጥብ ሲገባ የቦስተኑ ቴተም እጁን መታው። ዝም ተባለ። ሌብሮን ሜዳው ላይ ተንበረከከ። የቡድን ጓደኛው ፓትሪክ ቤቨርሊ የፎቶ አንሺ ካሜራ ይዞ ሄዶ ለዳኛው «እይ» አለው፤ እሱ ራሱ ተቀጣ። ሌከርስ በጭማሪ ሰዓት ተሸነፈ። ከጨዋታው በኋላ ዳኞቹ አመለጠን አሉ። ከሌብሮን በላይ ኮከብ ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ገንዘቤን የበላኝ ይኸኛው ነው። የ2025 ዳግማ ትንሣኤ እሑድ ነበር። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት አራት ሆነን ተቀምጠናል። ቴሌቪዥኑ ላይ ኒውዮርክና ዲትሮይት፣ አራተኛው ጨዋታ። ኒውዮርክ 94 ለ 93 እየመራ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የዲትሮይቱ ቲም ሃርዳዌይ ጁኒየር ከጥግ ሦስት ነጥብ ሊወረውር ተነሣ። የኒውዮርኩ ጆሽ ሃርት በደረቱ ገጨው። ፊሽካ የለም፣ አለቀ።

እኔ «ፎል ነው» አልኩ። ጓደኛዬ የኒውዮርክ ደጋፊ ነው፤ «በሞትኩት፣ ንክኪ እንኳ የለም» አለ። «ዳኞቹ ራሳቸው ያምናሉ» አልኩት። «ካመኑ የአራታችንንም ክትፎ እኔ እከፍላለሁ፤ ካላመኑ አንተ» አለ። እጅ ተመታን። ብዙም ሳይቆይ የዳኞቹ አለቃ መግለጫ ስልኬ ላይ መጣ፦ ፎል መነፋት ነበረበት። ስልኩን አፍንጫው ሥር አስጠጋሁለት።

ምን ቢል ጥሩ ነው? «አላልኳችሁም! እነዚህ ዳኞች የተገዙ ናቸው። ለትልቅ ከተማ ነው የሚያዳሉት። ራሳቸው አመኑ!» ንክኪ የለም ያለው ሰውዬ በአንድ ጊዜ ዋና ከሳሽ ሆነ። እኔ ያስያዝኩት «ፎል ነው» በሚለው ላይ ነው፤ እሱ «ይሸጣሉ» የሚለውን ክርክር አሸነፍኩ ብሎ ቁጭ አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ጎናችን ጋዜጣ የሚያነቡ አንድ ጋሼ ነበሩ። «እሳቸው ይፍረዱን» አለ ጓደኛዬ። ጋሼ ኳሱን አላዩም፣ ሕጉንም አያውቁም። ሁለታችንንም በደንብ ሰሙንና «ልጆች፣ በበዓል ምን ያጨቃጭቃችኋል፣ ግማሽ ግማሽ ክፈሉ» አሉ። በሽምግልና እንቢ ይባላል እንዴ? አስተናጋጇ ሒሳቡን ይዛ ቆማለች። ያሸነፍኩበትን ክትፎ ግማሹን ከፈልኩ። እሱ ደግሞ ከኪሱ ጥርስ መጎርጎሪያ አውጥቶ ሳቀብኝ።

ስለዚህ አንተ ዛሬውኑ በቴክስት ጻፍለት። ምን ላይ እንደተወራረዳችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀመጥና «እሺ» ብሎ ይመልስልህ። «ያዳላሉ» በሚል ቃል ላይ ገንዘብ አይያዝም፤ ማንም አይለካውም። ማስረጃው ሊጉ ራሱ የሚያወጣው የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ሪፖርት ይሁን። ከ2015 ጀምሮ አለ። ውጤት አይለውጥም፤ የሚያየውም መጨረሻ ላይ ልዩነታቸው ጠባብ የሆኑ ጨዋታዎችን ብቻ ነው። ግን የቱ ፊሽካ ልክ እንደነበረና የቱ እንዳልነበረ አንድ በአንድ ይጽፋል። ለምሳሌ «በዚህ ዙር ሪፖርቱ ካመናቸው ስሕተቶች ውስጥ ለኮከቡ ቡድን የጠቀሙት ይበዛሉ ወይስ አይበዙም» በሉ። ይህ ይቆጠራል።

200 ዶላሩንም ለሦስተኛ ሰው አስረክቡ። ሽማግሌም ካስፈለጋችሁ ኳስ የሚያይ ይሁን፤ ደግሞ በበዓል ቀን አትጥሩት።