አንዲት ገጽ እንዶድ

ለጀማሪ መምህራን፣

ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ከ30 ዓመት በላይ ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ በመምህርነት ተቀጥራ ቤት መጣችና፣ «ጋሼ፣ ተማሪዎቼ ማንበብ የሚባል ነገር አይወዱም፤ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ቡና እየጠጣን የነገርኳትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

በውርደቴ ልጀምር። በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ፣ ሳይንስ በየትምህርቱ ውስጥ መግባት አለበት የሚል ሐሳብ ያዘኝ። ስለ ፎቶሲንተሲስ ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፌ፣ በስቴንስል አባዝቼ፣ ለአማርኛ፣ ለእንግሊዝኛና ለጂኦግራፊ መምህራን አደልኩ። ሁሉም በትህትና ተቀበሉኝ። በሳምንቱ ስታፍ ሩም ስገባ አንደኛው ቅጂ ቆሎ ተጠቅልሎበታል። የጂኦግራፊው መምህር በዕድሜ ትልቅ ሰው ስለነበሩ አልሸነገሉኝም። «አንተ ልጅ፣ የራስህን ፖርሽን በእኔ ክፍለ ጊዜ ልትሸፍን ነው?» አሉኝ።

ተናደድኩ። ግን እውነታቸውን ነበር። ያደልኳቸው ወረቀት ለእኔ ትምህርት የሚጠቅም እንጂ ለእሳቸው ምንም የማያተርፍ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና ሞከርኩ። አሁን ግን ግማሽ ገጽ ብቻ ጻፍኩ። ስለ እንዶድ ነበር።

ታሪኩን የምታውቁት ትኖራላችሁ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያ የሚባለውን ከውሃ የሚይዝ የትል በሽታ ለማጥናት አድዋ ሄደው ነበር። ሰዉ ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባል። ከሚታጠብበት ዝቅ ብሎ፣ ውሃው አረፋውን ይዞ በሚወርድበት በኩል፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ በርከት ብለው አገኟቸው። የቢልሃርዚያ ትል ደግሞ መጀመሪያ ቀንድ አውጣ ውስጥ ካልተራባ ሰው ላይ መድረስ አይችልም። ቀንድ አውጣው ከሞተ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው።

የእኔ ገጽ ግን እዚያ ድረስ አትሄድም። ልብስ አጣቢዎቹን፣ አረፋውንና የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ታሳያለች፤ ከዚያ «ለምን ሞቱ?» ብላ ታልቃለች። የትሉን ነገር አልጻፍኩም፤ ሳፖኒን የሚለውን፣ አረፋ የሚያወጣውንና ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን የእንዶድ ንጥረ ነገር ስምም አልጻፍኩም። መልሱን ከጻፋችሁላቸው ልጆቹ ይገለብጡታል እንጂ አያነቡትም። ይህን የተማርኩት ከፎቶሲንተሲሱ ወረቀት ነው፤ ከቆሎ የተረፉትን ቅጂዎች ተማሪዎቹ ደብተራቸው ላይ ቃል በቃል ገልብጠዋቸው ነበር።

ገጿን ለሌሎች መምህራን ስሰጥ አብሬ ምንም መመሪያ አልሰጠሁም። «ከዚህ ለእርስዎ የሚሆን ካለ ይውሰዱ» ብቻ አልኩ። ሻይም ጋብዣለሁ፤ እሱን አልደብቅም።

የአማርኛዋ መምህርት ግሶቹን ወሰደች። መውቀጥ፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ማስጣት። ከተማ ያደጉት ልጆች ግማሹን አያውቁትም። ከገጠር የመጡት፣ ከኋላ ወንበር ተደብቀው የሚውሉት፣ በዚያን ቀን ወደ ፊት ተጠርተው አስረዱ። ፍሬው እንዴት እንደሚደርቅ፣ እንዴት እንደሚወቀጥ፣ ነጠላ ሲታሽበት እጅ ላይ ምን እንደሚል። ቀጥላ «አየ» እና «ደመደመ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ሰሌዳው ላይ ጻፈችና፣ ገጹ ላይ የታየው የቱ ነው፣ የተደመደመውስ የቱ ነው ብላ ጠየቀች። እኔ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ዓመት ሙሉ ላስረዳው ያልቻልኩትን ነገር እሷ በ40 ደቂቃ ጨረሰችው። ትንሽ ቀናሁ።

የእንግሊዝኛው መምህር የወሰደው «ቢኮዝ» እና «ዜርፎር» የሚሉትን ነው። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማረ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ልጆቹ በአንዴ ሁሉንም ትምህርት በእንግሊዝኛ ተማሩ ይባላሉ። ቃላቱን ይሸመድዳሉ፤ ምክንያትን ከውጤት የሚያገናኙት ትንንሾቹ ቃላት ናቸው የሚጠፉባቸው።

ሒሳብ ላይ የሆነውን ሳስታውስ እስካሁን ያስቀኛል። መምህሩ ቁጥሮቹን ከራሱ አመጣ። በሴኮንድ 20 ሊትር የሚፈስ ጅረት አለ እንበል፤ ለእያንዳንዱ ሊትር 20 ሚሊግራም የእንዶድ ዱቄት ያስፈልጋል እንበል፤ ለስድስት ሰዓት ስንት ኪሎ ይበቃል? ልጆቹ ሳያሰሉ ገመቱ። አንዱ «አንድ ኩንታል» አለ፣ ሌላው «አንድ አይሱዙ ሙሉ»። ስሌቱ ሲሠራ ውሃው 432,000 ሊትር፣ ዱቄቱ 8.64 ኪሎ ሆነ። አላመኑም። ሁለቴ አሠሩት። ሚሊግራምን ወደ ኪሎ መቀየር ሁልጊዜ የሚያዛጋቸው ልጆች ናቸው እንግዲህ።

የሥነ ዜጋው መምህር ከሁሉም ርቆ ሄደ። በ1989 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ማግኘታቸውን ነገራቸው። ከዚያም፣ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎል ለባሾችን በእንዶድ ለመከላከል የፓተንት መብት ማውጣቱን ጨመረላቸው። «ታዲያ እንዶድ የማን ነው?» አላቸው። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። «ያጠናው ሰው ነው» የሚሉ አሉ፤ «ወንዝ ዳር ሲያጥቡበት የኖሩት ናቸው» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ከደወል በኋላም ግቢ ውስጥ ቀጠለ።

ወደ እኔ ክፍል ሲመጡ ገጿን ለአምስተኛ ጊዜ ማየታቸው ነው። ይሰለቻቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሰሌዳው ላይ የትሉን ዑደት መሳል ስጀምር፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ እጇን አወጣች። «ቀንድ አውጣውን ከገደለ ዓሣውስ?» አለች።

ዝም አልኩ። ከዚያ «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ለነገ አጣርቼ እመጣለሁ» አልኩ። አጣርቼም መጣሁ፤ እንዶድ ዓሣንም ይጎዳል። እናንተም ክፍል ፊት «አጣርቼ እመጣለሁ» ማለትን አትፍሩት። ብቻ በነገታው ሳታጣሩ እንዳትመጡ፤ ልጆች ይህን አይረሱም።

ምን ዓይነት ጽሑፍ እንምረጥ ካላችሁኝ፣ አንድ ሰው አንድ ነገር ያየበትን ምረጡ። ትርጉም የሚደረድር ጽሑፍ ለፈተና ዝግጅት ይሆናል፣ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ከ60 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ለሁሉም ወረቀት አይበቃም፤ ስለዚህ ጽሑፉ ሰሌዳ ላይ የሚያልቅ ይሁን። አንድ ተማሪ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ይድገመው። ሳያነቡ አታብራሩ። ሁሉንም መምህር ለማሳመንም አትድከሙ። ሁለት ሰው ካገኛችሁ ጀምሩ። ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄዳችሁ ኮሚቴ እንዳታስቋቁሙ፤ እኔ አንዴ አስቋቁሜ፣ ቃለ ጉባኤ ስንጽፍ ሴሚስተሩ አለቀ።

እንዶድ ሩቅ ከሆነባችሁ ሌላ ልስጣችሁ። ከ2,200 ዓመት በፊት ኤራቶስቴንስ የተባለ ሰው፣ በበጋው ረጅም ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ የእኛው ዓባይ በሚያልፍባት አስዋን ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ እስክንድርያ ላይ ግን ጥላ እንዳለ ተገነዘበ። ልዩነቱ የክብ 50ኛ እጅ፣ ማለትም 7.2 ዲግሪ ነበር። ከዚያ ተነስቶ የምድርን ዙሪያ አሰላ። ሒሳብም፣ ጂኦግራፊም፣ ታሪክም በአምስት መስመር ውስጥ አለ።

ይኸኛው ግቢ ውስጥም ይሠራል። አዲስ አበባ አካባቢ ፀሐይ በትክክል አናት ላይ የምትሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ነሐሴ ማለቂያ ላይ ነው፤ ያኔ ተማሪውም የለም፣ ደመናውም አያሳይም። ሌላው ሚያዝያ 5 ገደማ ነው። ቀጥ ያለ እንጨት ትከሉ፤ ቱንቢ ከሌላችሁ ድንጋይ በክር አንጠልጥላችሁ አስተካክሉት። ጽሑፉን ጠዋት አስነብቡና ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። በ6 ሰዓት አትቸኩሉ፣ ጥላው ገና አለ። የሚጠፋው 6 ሰዓት ተኩል ሲጠጋ ነው። ለምን በ6 ሰዓት እንዳልሆነ መጠየቃቸው አይቀርም፤ የጂኦግራፊ መምህሩን በዚያ ሰዓት ክፍት ፔሬድ እንዳለው ቀድማችሁ ጠይቁት።