«ዳኛው በደለን!» — የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ስለ እግር ኳስ ዳኝነት ናቸው። ደብዳቤዎቹን ስናነብ አንድ ነገር ጎልቶ ታየን፦ የደጋፊው ንዴት እውነተኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚያርፈው በማይመለከተው ሰው ላይ ነው። ሕጉ ያዘዘውን የፈጸመ ዳኛ «ሌባ» ይባላል፤ በአሠራር ጉድለት የተበላሸ ውሳኔ ደግሞ «ሰው ነው፣ ይሳሳታል» ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ ጥፋቱ የሕጉ፣ የዓይን፣ የሚዛን ወይስ የአሠራር መሆኑን በየመልሱ ለመለየት ሞክረናል።

ጥያቄ፦ አጥቂያችን በብብቱ ቀድሟል ተብሎ ጎላችን ተሻረ። እጅ አይቆጠርም እየተባለ ብብት ከየት መጣ? ቫር (በቪዲዮ የሚረዳው ዳኛ) የሚያሰምረው መስመርስ እስከዚህ ድረስ ይታመናል?

መልስ፦ ከብብቱ እንጀምር። በሕግ 11 መሠረት ለኦፍሳይድ የሚቆጠሩት ራስ፣ ገላና እግር ናቸው። እጅና ክንድ የማንም ተጫዋች፣ የበረኛም ጭምር፣ አይቆጠርም። ክንድ የሚጀምረው ግን ከብብት ግርጌ ትይዩ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ትከሻ ነው፤ በትከሻ ጎል ማግባት ስለሚቻል ይቆጠራል። ኦፍሳይድ ለመባል አጥቂው ከኳሱም፣ ከመጨረሻው ሁለተኛ ተጋጣሚም ይልቅ ለጎል መስመሩ የቀረበ መሆን አለበት፤ እኩል ከሆነ ኦፍሳይድ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ በረኛው ነው። በረኛው ጎሉን ትቶ ከወጣ ግን ሁለት የሜዳ ተጫዋቾች ናቸው የሚቆጠሩት። «አንድ ተከላካይ እኮ መስመሩ ላይ ቆሞ ነበር!» የሚለው ጩኸት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ይህንን ከመርሳት ነው።

አሁን ወደ መስመሩ እንሂድ። በሰከንድ 50 ምስል የሚያነሳ ካሜራ ካለ፣ በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል 0.02 ሰከንድ ያልፋል። በሰከንድ 8 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በዚህች ቅጽበት 16 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ተከላካዩ ደግሞ በዚያው ሰዓት በተቃራኒው አቅጣጫ በሰከንድ 4 ሜትር እየወጣ ከሆነ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ምስል ብቻ 24 ሴንቲ ሜትር ይለወጣል። ወሳኙ ቅጽበት ኳሱ የአቀባዩን እግር መጀመሪያ የነካበት ነው። ያ ቅጽበት በሁለት ምስሎች መሃል ከወደቀ፣ ባለሙያው የፊተኛውን ወይም የኋለኛውን ምስል መምረጡ ብቻ ጎሉን ሊያጸድቀው ወይም ሊሽረው ይችላል። ቴሌቪዥኑ ላይ የምናየው መስመር ቀጭን ነው፤ እርግጠኝነቱ ግን የመስመሩን ያህል ቀጭን አይደለም።

በ2022 የኳታር የዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ የዋለው ከፊል አውቶማቲክ ዘዴ ይህንን ችግር በእጅጉ አጥብቦታል። ከስታዲየሙ ጣሪያ ሥር የተተከሉ 12 ካሜራዎች የእያንዳንዱን ተጫዋች 29 የአካል ነጥቦች በሰከንድ 50 ጊዜ ይከታተላሉ፤ ኳሱ ውስጥ ያለው ዳሳሽ ደግሞ በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ ይልካል። ኳሱ የተመታበት ቅጽበት በግምት መመረጡ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ጎላችሁ የተሻረው በየትኛው ዘዴ እንደሆነ መጠየቅ መብታችሁ ነው። በእጅ በተሰመረ መስመር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ታይቶ ከሆነ፣ በእኛ እምነት በሜዳ ላይ የተሰጠው ውሳኔ መጽናት ነበረበት።

ጥያቄ፦ ቫር ክፍል ውስጥ ያሉት ጥፋቱን እያዩ ዳኛውን ሳይጠሩት ቀሩ። በሌላ ጨዋታ ለተመሳሳይ ንክኪ ፔናሊቲ ተሰጥቷል። ይህ አድልዎ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

መልስ፦ ቫር በ2018 በጨዋታው ሕግ ውስጥ ሲገባ ሥራው በአራት ጉዳዮች ተወስኖ ነው፦ ጎል፣ ፔናሊቲ፣ ቀጥታ ቀይ ካርድና ካርዱ ለተሳሳተ ተጫዋች የተሰጠበት ሁኔታ። በእነዚህም ላይ ቢሆን የሚገባው «ግልጽና የማያሻማ ስህተት» ሲኖር ወይም ዳኞቹ ያላዩት ከባድ ክስተት ሲፈጠር ነው። ቫር ክፍል ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ «ይህ ፔናሊቲ ነው?» የሚል አይደለም። «የመሃል ዳኛው በግልጽ ተሳስቷል?» የሚል ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ዓይነት ንክኪ በአንዱ ጨዋታ ፔናሊቲ ተብሎ፣ በሌላው «ቀጥል» ተብሎ ሁለቱም ሊጸኑ ይችላሉ።

ዳኛው ያየውን በማይክሮፎን ለቫር ክፍሉ ይናገራል። «ተከላካዩ ቀድሞ ኳሱን ነክቷል» ብሎ ምስሉ ኳሱን ጭራሽ እንዳልነካው ካሳየ፣ ቃሉና ምስሉ ስለተጋጩ ይጠሩታል። «ንክኪ አለ፣ ግን ለመውደቅ የሚያበቃ አይደለም» ካለና ምስሉም ቀላል ንክኪ ካሳየ አይጠሩትም። እርስዎን ያናደደው ይህ አለመመሳሰል ከሕጉ አሠራር የሚመነጭ ነው፤ ሊያናድድም ይገባል። ከዚህ ብቻ ተነስቶ ግን አድልዎ ነው ማለት አይቻልም።

አሠራር በእውነት ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ለማየት በፈረንጆች መስከረም 2023 መጨረሻ ላይ ቶተንሃምና ሊቨርፑል ያደረጉትን ጨዋታ ያስታውሱ። የሊቨርፑሉ ሉዊስ ዲያዝ ጎል አገባ፣ ረዳት ዳኛው ባንዲራ አነሳ። ቫር ክፍሉ ምስሉን አይቶ ተጫዋቹ ኦፍሳይድ እንዳልነበረ በትክክል ለየ። ችግሩ፣ በሜዳ ላይ ጎሉ የጸደቀ መስሏቸው «አጣርተናል፣ ጨርሰናል» አሉ። ዳኛው ይህን የሰማው «ኦፍሳይዱ ትክክል ነው» ተብሎ ነው። ጨዋታው በቅጣት ምት ቀጠለ። ስህተቱ ወዲያው ቢታወቅም ፕሮቶኮሉ ጨዋታ ከቀጠለ በኋላ ወደ ኋላ መመለስን የሚፈቅደው ካርድ ለተሳሳተ ተጫዋች ሲሰጥ ወይም እንደ ድብደባ፣ ምራቅ መትፋትና ንክሻ ላሉ የቀይ ካርድ ጥፋቶች ብቻ ነው። ቶተንሃም 2 ለ 1 አሸነፈ፤ የእንግሊዝ ዳኞች አካልም የሰው ስህተት መፈጸሙን አመነ። እዚህ ላይ ዓይንም ቴክኖሎጂም አልጎደለም። የጎደለው ከማጣራቱ በፊት «በሜዳ የተሰጠው ውሳኔ ኦፍሳይድ ነው» ተባብሎ መረጋገጥ ነው። ደጋፊ ሊጮህበት የሚገባ ጉድለት ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ኳሱ ከራሱ ከተከላካያችን ጭን ነጥሮ እጁን ነካው፤ ፔናሊቲ ተሰጠብን። ከራስ ገላ የነጠረ ኳስ አይቆጠርም አልነበር?

መልስ፦ ሲባል የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ2019 በወጣው ሕግ ውስጥ ይህ እንደ ነጻ ማውጫ ተጽፎ ነበር። በ2021 ሕጉ ሲያጥር ያ ዝርዝር ወጣ። አሁን ዳኛው ራሱን የሚጠይቀው ተጫዋቹ ሆን ብሎ ነክቷል ወይ፣ ካልሆነስ ክንዱ ገላውን ተፈጥሯዊ ባልሆነ መንገድ አስፍቶታል ወይ ብሎ ነው። የክንዱ አቀማመጥ ከሚያደርገው እንቅስቃሴ የመነጨ ከሆነ፣ ለምሳሌ ተንሸራቶ ሲወድቅ መሬት የሚደገፍበት እጅ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋት አይባልም። ወደ ጎን ተዘርግቶ የኳሱን መንገድ የዘጋ ክንድ ከሆነ ግን ኳሱ ከየትም ይንጠር ፔናሊቲ ሊሰጥ ይችላል። የኳሱ ድንገተኛ ንጥረት ዳኛው ከሚመዝናቸው ነገሮች አንዱ ሆኖ ቀርቷል፤ ብቻውን ግን አያድንም።

አጥቂ ላይ ሕጉ ይጠብቃል። በገዛ እጁ ነክታ የገባች ኳስ፣ ወይም እጁን ከነካች በኋላ እሱ ራሱ ወዲያው ያገባት ጎል፣ ሳያስበው እንኳ ቢሆን ይሻራል። የጓደኛው እጅ ሳይታሰብ ነክቷት እሱ ካገባ ግን ከ2021 ጀምሮ ጎሉ ይጸድቃል። ይህቺ ልዩነት በየሳምንቱ ጭቅጭቅ ታስነሳለች።

ጥያቄ፦ የመጨረሻው ተከላካይ ነበር፣ አጥቂያችንን ጠልፎ ጣለው፣ ቢጫ ብቻ አየ። የመጨረሻ ተከላካይ ቀይ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ «የመጨረሻ ተከላካይ» የሚል ቃል በሕጉ ውስጥ የለም። ያለው «ግልጽ የጎል ዕድል መከልከል» ነው፤ አራት ነገሮች ይታያሉ፦ ከጎሉ ያለው ርቀት፣ ጨዋታው የሚሄድበት አቅጣጫ፣ አጥቂው ኳሱን የመቆጣጠር ዕድሉ፣ የተከላካዮች ቁጥርና ቦታ። ኳሱን ወደ ማዕዘን ባንዲራው ገፍቶ የሚሮጥ አጥቂ ፊት ለፊቱ ማንም ባይኖር እንኳ ግልጽ የጎል ዕድል ላይኖረው ይችላል።

ሁለተኛው ነጥብ ቦታው ነው። ከ2016 ወዲህ ጥፋቱ ፔናሊቲ ክልል ውስጥ ከተፈጸመና ተከላካዩ ኳሱን ለመጫወት ሞክሮ ከሆነ ካርዱ ወደ ቢጫ ይወርዳል፤ ፔናሊቲው ዕድሉን መልሶ ሰጥቷል በሚል። ማሊያ መጎተት፣ መያዝ፣ መግፋት፣ ወይም ኳሱን ፈጽሞ ሊደርስበት በማይችልበት ሁኔታ መጥለፍ ግን ክልሉ ውስጥም ቢሆን ቀይ ነው። ከክልሉ ውጪ ከሆነ ይህ ማቅለያ የለም። ስለዚህ ከክልሉ መስመር አንድ እርምጃ ወዲህና ወዲያ ማዶ የተፈጸመ አንድ ዓይነት ጠለፋ ሁለት የተለያየ ካርድ አለው። ዳኛው አድቫንቴጅ ሰጥቶ ጨዋታው ከቀጠለም ቀዩ ወደ ቢጫ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ሰሌዳው 4 ደቂቃ አሳይቶ 7ኛው ደቂቃ ላይ ጎል ገባብን። ሕጋዊ ነው?

መልስ፦ ሕጋዊ ነው። አራተኛው ዳኛ የሚያሳየው ቁጥር ትንሹ መጠን ነው፤ ዳኛው ሊጨምርበት እንጂ ሊቀንስበት አይችልም። በባከነው ሰዓት ውስጥ ጉዳት፣ ቅያሪ፣ ቫር ወይም ሰዓት ማባከን ካለ እንደገና ይጨመራል። በኳታር እንግሊዝና ኢራን ሲጫወቱ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 14 ደቂቃ መጨመሩን ያስታውሱ።

ጥያቄ፦ ረዳት ዳኛው ኦፍሳይዱን እያየ ባንዲራውን የሚያዘገየው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ባንዲራው ተነስቶ ፊሽካ ከተነፋ ጎሉ ቢገባም መልሶ ማጽደቅ አይቻልም፤ ፊሽካው ጨዋታውን ገድሎታል። ስለዚህ ቫር ባለበት ጨዋታ ጥርጣሬ ካለና ጥቃቱ ወደ ጎል የሚያመራ ከሆነ ረዳቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ኦፍሳይዱ በግልጽ የሚታይ ሲሆን ግን መጠበቅ የለበትም፤ በከንቱ ሩጫ ተጫዋች ሊጎዳ ይችላል። ያን ጊዜ ቢቆጡ እውነት አለዎት።

ጥያቄ፦ በመለያ ምት ተጫዋቹ አዳልጦት ኳሱን ሁለት ጊዜ ነካው ተብሎ ተሰረዘበት። ምን ጥቅም አገኘና ነው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ዓለምን ያነጋገረው መጋቢት 12 ቀን 2025 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ አትሌቲኮ ማድሪድ ከሪያል ማድሪድ በቻምፒየንስ ሊግ ሲገናኙ ነው። የአትሌቲኮው ሁሊያን አልቫሬዝ ሲመታ አዳለጠው፣ የቆመበት እግሩ ኳሱን ነካ፣ ጎሉም ተሰረዘ። ከወራት በኋላ የሕጉ ባለቤት የሆነው ቦርድ ማብራሪያ አወጣ፦ ሁለተኛው ንክኪ ሳይታሰብ የተፈጸመ ከሆነና ኳሱ ከገባ ምቱ ይደገማል። ካልገባ በመለያ ምት እንደ ሳተ ይቆጠራል። ሆን ብሎ ሁለት ጊዜ የነካ ግን አይደገምለትም። ደጋፊዎች ያነሱት ቅሬታ ተገቢ ስለነበር ሕጉ ራሱ የተብራራበት አጋጣሚ ነው።

ጥያቄ፦ ጨዋታውን ደግሜ ሳይ ዳኛውን ያለ አድልዎ ለመመዘን ምን ምን ልመልከት?

መልስ፦ መጀመሪያ ሁኔታውን በሙሉ ፍጥነቱ ይዩት። የቀነሰ ፍጥነት ለቦታና ለንክኪ ነው የሚጠቅመው፦ ኳሱ የት ነካ፣ ጥፋቱ ክልሉ ውስጥ ነው ውጪ፣ መጀመሪያ የተነካው ኳሱ ነው ወይስ እግሩ። የጉልበቱን መጠን ግን ያጋንነዋል፤ ተራ ግጭት ሆን ተብሎ የተፈጸመ ያስመስላል። የቫር ፕሮቶኮልም ጉልበትን ለመመዘን መደበኛውን ፍጥነት መጠቀምን ይመክራል።

ቀጥሎ ዳኛው የቆመበትን ቦታ ይፈልጉ። እርስዎ ከጎሉ ጀርባ ካለ ካሜራ ያዩትን እሱ ከ20 ሜትር ርቀት በሁለት ተጫዋቾች ጀርባ አይቶት ይሆናል። በእሱና በንክኪው መካከል ሰው ከነበረ፣ መጠየቅ ያለብዎት «ለምን አላየም?» ሳይሆን «ረዳቱ ወይም ቫሩ ለምን አልነገረውም?» ነው። መንገዱ ክፍት ሆኖ ከአሥር ሜትር ያየውን ከሳተ ግን ስህተቱ የራሱ ነው።

ከዚያ ድምፁን አጥፍተው አንድ ጊዜ ይዩ፤ የአስተያየት ሰጪው ጩኸት ፍርድን ይጎትታል። በመጨረሻም ማሊያዎቹን በሐሳብዎ ይቀያይሩ፦ ያው ንክኪ በእርስዎ ተከላካይ ተፈጽሞ ቢሆን ፔናሊቲ ይሉት ነበር? መልስዎ ከተለወጠ ውሳኔው አሻሚ ነበር ማለት ነው፤ አሻሚ ውሳኔን ደግሞ ቫርም አይነካውም። መልስዎ ካልተለወጠ ቅሬታዎን ደቂቃውን፣ የተሰጠውን ውሳኔና ተጣሰ የሚሉትን የሕግ ቁጥር ጠቅሰው ለክለብዎ የደጋፊ ማኅበር ይጻፉ። ጥፋት በሕግ 12፣ ኦፍሳይድ በሕግ 11፣ ፔናሊቲ በሕግ 14 ሥር ይገኛሉ።