አልወርድ ያለ ናይትሬት፦ ስለ ኮራል አኳሪየም ጥያቄና መልስ

በጨው ውኃ አኳሪየም ውስጥ ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት ጉዳይ ናይትሬት (ከዓሣ ቆሻሻና ከምግብ ትርፍ የሚመጣ የናይትሮጅን ውህድ) በመሆኑ፣ የዛሬውን የጥያቄ ጊዜ ለእርሱ ብቻ ሰጥቼዋለሁ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ አቅርቤያለሁ፤ ሰው በብዛት የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ግን መልሱን ረዘም አድርጌዋለሁ።

ጥያቄ፦ የ300 ሊትር አኳሪየሜ ናይትሬት በሊትር 50 ሚሊ ግራም ደርሷል። ዓሦቹ ምንም አልሆኑም፤ ኮራሎቹ ግን ቀለማቸው ጠፍቶ ቡናማ ሆነዋል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከመለኪያው ይጀምሩ። በጠብታ የሚሠሩ ብዙ መለኪያዎች ቀለሙን የሚያሳዩት ናይትሬቱን በደቃቅ የብረታ ብረት ዱቄት አማካይነት ወደ ናይትራይት (ናይትሬት ከመሆኑ በፊት ወዳለው ውህድ) ከለወጡ በኋላ ነው። ዱቄቱ በብልቃጡ ሥር ስለሚዘቅጥ፣ ብልቃጡ በደንብ ሳይናጥ የተለካ ውኃ ካለው በታች ያሳያል። በአንጻሩ አኳሪየሙ አዲስ ከሆነና ናይትራይቱ ገና ካላለቀ፣ መለኪያው እርሱንም እንደ ናይትሬት ስለሚቆጥረው ቁጥሩ ያለ ልክ ይገዝፋል። በተጨማሪም አንዳንድ መለኪያ የሚያሳየው ሙሉውን ናይትሬት ሳይሆን በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ነው፤ በዚያ ልኬት 11.3 የተባለው በ4.43 ሲባዛ 50 ይሆናል። ስለዚህ መመሪያውን አንብበው፣ ቢቻል በሌላ መለኪያ ደግመው ይለኩ።

ቁጥሩ እውነት ከሆነ የኮራሎቹ መጥቆር የሚጠበቅ ነው። በሥጋቸው ውስጥ የሚኖሩት በዐይን የማይታዩ ቡናማ አልጌዎች ናይትሮጅን ሲበዛላቸው ስለሚባዙ የኮራሉን የራሱን ቀለም ይሸፍኑታል። ዓሣ ደግሞ ይህን ያህል ናይትሬት ስለሚችል፣ የዓሦቹ ደኅና መሆን ስለ ኮራሎቹ የሚነግርዎ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ በየሳምንቱ 10 በመቶ ውኃ እቀይራለሁ። አንድም ሳምንት አላስተጓጎልኩም፤ ናይትሬቱ ግን ከ50 ንቅንቅ አይልም። ለምን?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በመቅረቡ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነውና። ውኃው በሳምንት በሊትር 5 ሚሊ ግራም ናይትሬት ይጨምራል እንበል። ናይትሬቱ 50 በሆነ ጊዜ 10 በመቶውን ሲቀይሩ ወደ 45 ይወርዳል፤ በሳምንቱ ውስጥ 5 ይጨመርና ተመልሶ 50 ይሆናል። የሚገባውና የሚወጣው እኩል ስለሆነ፣ ዓመት ሙሉ ቢቀይሩም ከዚያ በታች አይወርድም። ያንኑ ጭማሪ ይዘው በየሳምንቱ 20 በመቶ ቢቀይሩ፣ ቁጥሩ ቀስ እያለ ወርዶ 25 አካባቢ ይቆማል። 10 በመቶውን ሳይለቁ ሳምንታዊውን ጭማሪ ከ5 ወደ 2 ቢያወርዱት ደግሞ 20 ላይ ይቆማል። ለዚህ ነው ከባልዲው በፊት ምንጩን እንፈልግ የምለው።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ያረጋግጡ፦ ጨው የበጠበጡበትን አዲሱን ውኃ ራሱን ለክተውታል? የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የናይትሬት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ስለዚህ ለሰው የማይጎዳ የቧንቧ ውኃ ለኮራል ከመጠን ያለፈ ናይትሬት ሊይዝ ይችላል። በሪቨርስ ኦስሞሲስና በዲአዮናይዘር (በውኃ ውስጥ የሟሙ ነገሮችን በሚያስቀሩ ማጣሪያዎች) የተጣራ ውኃ ይጠቀሙ፤ ማጣሪያው ሲያረጅ ማሳለፍ ስለሚጀምር እርሱንም በየጊዜው ይለኩ።

ጥያቄ፦ ምንጩን እንፈልግ ብለዋል። የት ነው የምፈልገው?

መልስ፦ ናይትሬት በአብዛኛው የምግብ ትርፍ ነው። ዓሣው የበላው በኩሱና በስንጥቡ (በሚተነፍስበት አካሉ) በኩል አሞኒያ ሆኖ ይወጣል፤ ያልተበላውም በስብሶ ወደዚያው ይለወጣል። ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ከዚያ ወዲያ ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ለውጠው የሚያስወጡት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን በሌለበት፣ ማለትም በድንጋዩ ውስጠኛ ቀዳዳዎችና በአሸዋው ጥልቅ ክፍል የሚሠሩ ናቸው። ይህ ክፍል አነስተኛ ከሆነ፣ ወይም ቀዳዳዎቹ በዝቃጭ ከተደፈኑ፣ ናይትሬቱ ይጠራቀማል።

ስለዚህ አንድ ቀን ጊዜ ወስደው እንዲህ ያድርጉ። ጎማ ጭንቅላት ያለው ትልቅ መምጠጫ ይያዙና ከድንጋዮቹ ኋላና ሥር ውኃ ይንፉ። ግራጫ ደመና ተነሥቶ መስተዋቱን ከጋረደ ምንጭዎን አግኝተዋል፤ ደመናው ሳይረጋ በቱቦ ስበው ያውጡት። ቀጥለው የማጣሪያ ከረጢቱን አውጥተው ያሽትቱት። ከረጢቱ የያዘው ቆሻሻ እስኪወጣ ድረስ እዚያው ውኃ ውስጥ ስለሚበሰብስ፣ በየሦስት ቀኑ ካልተለወጠ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። የስኪመሩን (ቆሻሻን በአረፋ ለቅሞ የሚያወጣውን መሣሪያ) አንገትም ይዩት፤ የተጋገረ ቅባት ካለበት አረፋው ወደ ላይ አይወጣም፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ መጥረጉ ብቻ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በረዶ የሆነ ምግብ የሚሰጡ ከሆነ በብርጭቆ አሟሙተው፣ በወንፊት አጥልለው፣ የደፈረሰውን ውኃ ይድፉት። ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ የማይጨርሱትን ምግብም አይስጡ። በእኔ ግምት ከፍ ካለ ናይትሬት ጋር ከሚታገሉት ብዙዎቹ ከዚህ አልፈው መሄድ አያስፈልጋቸውም።

ጥያቄ፦ ቮድካ ወይም ኮምጣጤ መጨመር ናይትሬት ያወርዳል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሁለቱም ለባክቴሪያ የካርቦን ምግብ ናቸው። ባክቴሪያዎቹ ካርቦኑን እየበሉ ሲባዙ ናይትሬቱንና ፎስፌቱን (ፎስፎረስ ያለበትን ውህድ) ከውኃው ወስደው ሰውነታቸው ያደርጉታል፤ ከዚያ ስኪመሩ እነርሱን ለቅሞ ያወጣል። ስለዚህ ጥሩ ስኪመር የሌለው ሰው ይህን ዘዴ አይሞክረው። ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን ስለሚሻሙም መጠኑ በጣም ከትንሹ መነሣት አለበት፦ 40 በመቶ አልኮል ላለው ቮድካ፣ ለ100 ሊትር ውኃ በቀን 0.1 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ጭማሪውም በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ነው።

እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ናይትሬቱ አልወርድ ሲለኝ ትዕግሥት አጥቼ የኮምጣጤውን መጠን በአንድ ቀን እጥፍ አድርጌው ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ውኃው ወተት ጠብ እንዳለበት ደፍርሶ፣ ዓሦቹ ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን እየከፈቱ አገኘኋቸው። አየር የሚነፋውን ፓምፕ ወዲያው ከፍቼ ዓሦቹን አተረፍኳቸው፤ ሁለት አክሮፖራ ኮራሎቼ ግን ጫፋቸው ነጥቶ ቀረ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ካርቦን ለሁለት ወር ጨመርኩ፤ ፎስፌቴ ዜሮ ሆነ፤ ናይትሬቴ ግን 30 ላይ ቆሟል።

መልስ፦ ናይትሬትዎ የቆመው በፎስፌቱ ምክንያት ነው። አልፍሬድ ሬድፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የውቅያኖስ ተመራማሪ በ1934 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያሳየው፣ የባሕር ደቃቅ ፍጥረታት ሰውነታቸውን የሚገነቡት ንጥረ ነገሮችን በተመጣጠነ ድርሻ እየወሰዱ መሆኑን ነው፤ ዛሬ በስሙ የሚታወቀው ምጥጥን ለ106 ካርቦን 16 ናይትሮጅንና 1 ፎስፎረስ ነው። በአኳሪየም ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ምጥጥናቸው ልክ ይህ ባይሆንም፣ ፎስፎረስ ካላገኙ የቀረው ናይትሬት ምንም ያህል ቢበዛ ሊወስዱት አይችሉም። ፎስፌት የሚስበውን ማጣሪያ ካለ ያውጡት፤ ከዚያም ፎስፌቱን በሊትር ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ባለው ልክ ውስጥ ያቆዩት። በዚያን ጊዜ ናይትሬቱም መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ በማጣሪያው ገንዳ ውስጥ አልጌ ማሳደግስ?

መልስ፦ በጣም የምወደው ዘዴ ነው። ኬቶሞርፋ የተባለውን እንደ ተተበተበ ክር ያለ አልጌ በጠንካራ ብርሃን ያሳድጉ፤ መብራቱን የዋናው አኳሪየም መብራት ሲጠፋ ቢያበሩት የሌሊቱን የፒኤች (የአሲድነት ልኬት) መውረድ ይቀንስልዎታል። ናይትሬቱ ከውኃው የሚወጣው ግን አልጌውን አጭደው ሲጥሉት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ግቡ ዜሮ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በተፈጥሮ የኮራል ባሕር ናይትሬት እጅግ ትንሽ ቢሆንም፣ በዚያ ማዕበሉ ለኮራሉ ያለማቋረጥ ምግብ ያመጣለታል። በአኳሪየም ናይትሬትና ፎስፌት ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ኮራሉ ይገረጣል፤ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው አረፋ ያቀፈ ቡናማ ልጋግም አሸዋውን ይወርሰዋል፤ እርሱን ማጥፋት ደግሞ ከናይትሬት ይልቅ ይከብዳል። ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ለአብዛኛው ሰው ጥሩ ነው። ለስላሳ ኮራሎች 20ንም ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የእኔ 80 ነው። ዛሬውኑ ግማሹን ውኃ ልቀይር?

መልስ፦ አይቀይሩ። ኮራሎችዎ ወደ 80 የደረሱት ቀስ በቀስ ስለሆነ በአንድ ቀን መናወጥ የለባቸውም። በሳምንት ሁለት ጊዜ 15 በመቶ ይቀይሩ፤ የአዲሱ ውኃ ጨውና ሙቀት ከአኳሪየሙ ጋር እኩል መሆኑን እያረጋገጡ ነው። አልካሊኒቲውንም (ውኃው አሲድን የሚቋቋምበትን አቅም) አብረው ይለኩ፤ የናይትሬት መጠራቀም አልካሊኒቲ ስለሚበላ፣ 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት የጨመረ ውኃ በዚያ ምክንያት ብቻ 2.3 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ አሃድ) ያህል አጥቷል። አዲሱ ጨው ከፍ ያለ አልካሊኒቲ ካለው፣ በትልቅ ለውጥ ኮራሉን የሚያቃጥለው ከናይትሬቱ መውረድ ይልቅ የእርሱ ድንገተኛ መውጣት ሊሆን ስለሚችል፣ ከመጀመሪያው ለውጥ በፊት የሁለቱንም ውኃ አልካሊኒቲ ለክተው ይጻፉት።