መልስ፦ ትልቁ ሞለኪውል ለምን ቀድሞ ይወጣል?

እህቴ፣ የደሙን ቀይ ፕሮቲን ሄሞግሎቢንንና ቫይታሚን ቢ12ን ቀላቅለሽ በሴፋዴክስ ጂ-50 ኮለም (ሞለኪውሎችን በመጠን የሚለዩ የጄል ፍሬዎች በተሞሉበት ዓምድ) ስታሳልፊ ሄሞግሎቢኑ ለምን እንደቀደመ ጠይቀሻል። በትክክል ነው የሠራሽው። መውጣት ያለበትም እንደዚያ ነው።

ጄሉን እንደ ወንፊት አትይው። ወንፊት ትልቁን ያስቀራል። እዚህ ግን ፍሬዎቹ ራሳቸው በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞሉ ናቸው። ሄሞግሎቢን 64,500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ገደማ ስለሆነ ቀዳዳው አያስገባውም፤ በፍሬዎቹ መካከል ሾልኮ ይወርዳል። ቢ12 ግን 1,355 ዳልተን ገደማ ብቻ ነው። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ሲገባ ሲወጣ ይዘገያል።

ከኮለሙ የወጣው ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ ስትለኪ፣ በ280 ናኖ ሜትር (አልትራቫዮሌት ብርሃን) ባዶው በፈር፣ ማለትም ናሙና የሌለበት የማሳለፊያ ፈሳሽ፣ እንኳ ከፍ ብሎ መነበቡ ግን ጤነኛ አይደለም። መጀመሪያ ኩቬትሽን (ፈሳሹን ለንባብ የምትጨምሪበትን ትንሽ ዕቃ) እዪ። ተራ ፕላስቲክና ብርጭቆ አልትራቫዮሌቱን ይውጡታል፤ ለዚህ ኳርትዝ ነው የሚሆነው። ከሌለሽ አትጨነቂ፣ ሁለቱም ቀለም አላቸው። ሄሞግሎቢንን በ415፣ ቢ12ን በ550 ናኖ ሜትር አንብቢ። ሄሞግሎቢን በ550ም ብርሃን ስለሚውጥ፣ ሁለቱ የተደባለቁባቸውን ቱቦዎች ቁጥር እንዳለ አትመኚው። ንባቡ ከ1 በላይ ከሄደ በበፈር አቅጥነሽ ድገሚ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ድሬዳዋ ስለሆንሽ ነው የምነግርሽ። በፈሩን ከፍሪጅ አውጥተሽ ወዲያው ኮለሙ ላይ አታፍስሺ። በዚያ ሙቀት የሟሟው አየር አረፋ ሆኖ ጄሉ ውስጥ ይቀራል፣ ቀለሙም ተጣሞ ይወርዳል። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቂው። ጄሉ እንዳይደርቅም አደራ፤ ከተሰነጠቀ እንደገና መሙላት ነው።