ማስተማሩን እችላለሁ፤ መቆሙ ነው ያቃተኝ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ከ30 ዓመት በላይ ሒሳብ አስተምሬ በቅርቡ ጡረታ ወጣሁ። አበሉ ወር አያደርሰኝም። ቤት መዋሉም አልሆነልኝም፤ ጠዋት ተነሥቼ የምሄድበት ሲጠፋ ቀኑ ይረዝምብኛል። ችግሩ ጉልበቴ ነው። ትንሽ ቆሜ ከዋልኩ ያብጣል፣ ደረጃ ስወርድም መደገፊያውን ካልያዝኩ አልችልም። ድምፄም ቢሆን ከፍ አድርጌ ካወራሁ ይዘጋል።

አንድ መዋዕለ ሕፃናት ረዳት መምህርት ይሁኑልን ብሎኛል። «ትንንሾች ስለሆኑ አያደክሙም» አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ብትገቢ ይሻልሻል ትላለች። ልጆቼ «አርፈሽ ተቀመጪ» ነው የሚሉት። ከማስተማር ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል? ከየትስ ልጀምር?

ጉልበቷ የከዳት መምህርት


ውድ መምህርት፣

ልጆችዎ አሳስበዋቸው እንደሆነ ይገባኛል። ግን መሥራት ለሚፈልግ ሰው «ተቀመጪ» ማለት መልስ ስላልሆነ እሱን እንለፈው።

መዋዕለ ሕፃናቱን ይተዉት። ትንንሾች አያደክሙም ያለዎት ሰው ከእነሱ ጋር ውሎ የሚያውቅ አይመስለኝም። ጫማ ለማሰር ይንበረከካሉ፣ የሚያለቅሰውን ብድግ አድርገው ያቅፋሉ፣ ለሕፃን በተሠራ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ሲሉ ይውላሉ። ከዝቅተኛ ወንበር መነሣት ደግሞ ለታመመ ጉልበት ከባድ ሥራ ነው።

ቤተ መጻሕፍትም ከውጭ ሲያዩት እንጂ ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። አንባቢ የሚያየው ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠውን ሠራተኛ ነው። የተመለሰውን መጽሐፍ በጋሪ የሚገፋ፣ እስከ ታችኛው መደርደሪያ እያጎነበሰ የሚደረድር፣ ካርቶን የሚያነሣም አለ፤ በብዙ ቦታ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። የመመዝገቡን ወይም የማዋሱን ሥራ ብቻ ከሰጡዎት ግን ይቀበሉ።

ስለዚህ ሥራን በስሙ አይመዝኑት። በቀን ስንት ሰዓት እቆማለሁ? የማነሣው ዕቃ አለ? ቢሮው ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው? ሊፍት አለው? ብለው ይጠይቁ። የመጨረሻውን አይናቁት። ደረጃ ሲወርዱ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነት ክብደት 3 እጥፍና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ቢሠሩም በቀን አራት ጊዜ ደረጃ የሚያስወጣና የሚያስወርድ ሥራ ለእርስዎ አይሆንም። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ቀጣሪውም ቢሆን በሁለተኛው ሳምንት ታመው ከሚቀሩበት አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል።

«ከማስተማር ሌላ የማውቀው የለም» ያሉት ግን አልተዋጠልኝም። አንድ ልጅ አንድ ሁለተኛን ከአንድ ሦስተኛ ጋር ደምሮ ሁለት አምስተኛ ብሎ ቢጽፍ፣ ሌላው ሰው «ስህተት ነው» ብሎ ያልፋል። እርስዎ ግን ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው እንደደመረ ገና ሲያዩት ይገባዎታል። ልጁ የቱ ጋ እንደሳተ ማወቅ ትልቅ ሙያ ነው፤ ቆሞ መዋልንም አይጠይቅም። የሒሳብ መጽሐፍ የሚያሳትሙ ሰዎች ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ሠርቶ መልሶቹን የሚያመሳክርላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ፈተና የሚያዘጋጁም ጥያቄ የሚያወጣና ወረቀት የሚያርም ይፈልጋሉ።

የእኔ ምርጫ ግን ማስጠናት ነው፤ ያውም እርስዎ ቤት፣ ሁለት ሦስት ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጠው። ተማሪ ቤት ድረስ እየሄዱ ማስጠናት መንገዱና ደረጃው ያደክማል። ቤትዎ ማስጠናቱ ለድምፅዎም ይበጃል። የሴት የድምፅ አውታር በመደበኛ ንግግር እንኳ በሴኮንድ 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ክፍል ሙሉ ተማሪ እንዲሰማ ሲጮኹ ደግሞ አውታሮቹ እርስ በርስ የሚጋጩበት ኃይል ይበረታል። አጠገብዎ ለተቀመጠ ልጅ መጮኽ አያስፈልግም። መዘጋቱ ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ሳይጮኹም ቢሆን ሐኪም ይየው።

ማን ይቀጥረኛል ላሉት፣ ማስታወቂያ ከማሳደድዎ በፊት የሚያውቁዎትን ይጠይቁ፤ አብረዋቸው ያስተማሩትን፣ ዛሬ ወላጅ የሆኑትን የድሮ ተማሪዎችዎን። ማመልከቻ ሲጽፉም «ይህን ያህል ዓመት አስተምሬያለሁ» ብለው አያብቁ። ፈተና ማውጣትዎን፣ አዲስ መምህራንን ማለማመድዎን፣ ከወላጅ ጋር ተነጋግሮ መግባባትዎን ዘርዝረው ይጻፉ። ቀጣሪ ከዓመቱ ቁጥር ይልቅ ይህን ነው የሚፈልገው።

ውል ከመፈረምዎ በፊት አበልዎን የሚከፍለውን መሥሪያ ቤት ያነጋግሩ። በአንዳንድ አገር ጡረተኛ የሚያገኘው ገቢ ከተወሰነ መጠን ካለፈ አበሉ ይቀነሳል፤ መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ሲጀምሩ በሳምንት ከሁለት ቀን አይለፉ። ሲቀመጡም በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተው ወዲያ ወዲህ ይበሉ፤ ታጥፎ የዋለ ጉልበት ይደርቃል። ከአንድ ወር በኋላ፣ በሥራዎ ማግስት ጠዋት ጉልበትዎ ሳያብጥ የሚነሡ ከሆነ፣ ሦስተኛ ቀን ይጨምሩ።